የተዛወረው ልደት

«ዛሬ ሾርባ የለም ብያለሁ፣ የለም» የምትለው እናቷ ናት። ሄራን ገና ዓይኗን አልገለጠችም። በእሷ ክፍልና በኩሽናው መሀል ያለው አንድ ተንሸራታች በር ነው፤ እሱም ኪምቺ የሚባለው የቦካ ጎመን የሚቀመጥበት ፍሪጅ እሷ ክፍል ከገባ ወዲህ ጥግ ድረስ ተዘግቶ አያውቅም። የእናቷ ሹክሹክታ ደግሞ የሌላ ሰው ንግግር ያህላል። «የባሕር ሣር ሽታ አታውቅም እንዴ? በመስኮቱ ወጥቶ ቀጥ ብሎ የቦሚ እናት አፍንጫ ውስጥ ነው የሚገባው። ለሴትየዋ ልጄ የካቲት ላይ ነው የተወለደችው ብዬ አሁን በታኅሣሥ የልደት ሾርባ ልጣድ?» ታናሽ ወንድሟ ኢንቴ ሩዝ በጎረሰ አፉ «ሰው እኮ ልደቱ ባይሆንም ይበላዋል እማዬ» ሲል ተሰማ። «ሌላው እንደ ልቡ ይብላ። እኛ ቤት ዛሬ አይበላም። አንተም አፍህን ያዝ፤ ለማን ብዬ መሰለህ?» ኢንቴ ወደ ማንኪያው ተመለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዓመታቱ በየተራ በእንስሳ ስም ይጠራሉ። ሄራን ነጭ ፈረስ በሚባለው ዓመት መጨረሻ ላይ ተወለደች። በዚያ ዓመት የተወለደች ሴት ግትር ናት፣ ባሏ አይበረክትላትም፣ የገባችበት ቤት ጣራው አይረጋም ይባላል። ይህን መጀመሪያ ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም፤ ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ ግን በቃሏ ይዛዋለች። ከፈረስ ቀጥሎ የሚመጣው የበግ ዓመት ነው። የበግ ሴት ገር ናት፣ አማቷን አክባሪ፣ ቤቷን አሙቂ፣ ሌላም ሌላም። በሄራን ልደትና በበጉ ዓመት መግቢያ መሀል ሁለት ወር ከምናምን ብቻ ስላለ፣ እናትየዋ ከላይ ፎቅ ለምትኖረው ለቦሚ እናት፣ ሰፈሩን ሁሉ ለምታጋባው ሴትዮ ማለት ነው፣ የልጇን የልደት ቀን ስትሰጥ ሁለት ወር ከምናምኑን ዘለል አደረገችው። ዕድሜ ልኳን ፈረስ ሆና የኖረች ልጅ በአንድ የደረጃ ላይ ወሬ በግ ሆነች። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት፤ የቦሚ እናት ተቀበለች፣ ለሄራን ለታሰበው ሰውዬ እናት አሳለፈች፣ የሰውየው እናት ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ ይዛው ሄደች። ኮከብ ቆጣሪውም በሙያዬ እንዲህ ልክክ ብሎ የገጠመ ኮከብ አላየሁም አለ ተባለ። የገጠመው የማን ኮከብ እንደሆነ እንግዲህ እሱ ይወቅ።

የችኮላው ምክንያት ኢንቴ ነው። ሠርጉ ለጸደይ ታስቧል፤ የእጮኛው አባት ግን ታላቅ እህት ቤት ቁጭ ብላ ታናሽ ሲያገባ ሰው ምን ይለናል ብሎ ፊቱን አጥቁሯል። እናትየዋ ምን ታድርግ፣ «ታላቂቱም እኮ ነገሯ አልቋል፣ ቀን መቁረጥ ብቻ ነው የቀረን» አለችው። ያላለቀን ነገር አልቋል ካሉ በኋላ ያው ሮጦ ማስጨረስ ነው። ዛሬ ከሰዓት ሄራን ከሰውየው ጋር ሆቴል ተቀጣጥራለች። ዛሬ የእውነተኛ ልደቷ ቀን መሆኑን ከቤቱ ሦስት ሰዎች በቀር የሚያውቅ የለም፤ ከሦስቱ አንዷ ደግሞ እንዳላወቀች ሆናለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ገበታው ላይ የአኩሪ አተር ቡቃያ ሾርባ፣ ከትናንት የተረፈ የተጠበሰ ዓሣና ኪምቺ ነበር። ሄራን ስትቀመጥ እናቷ ቀና ብላ ሳታያት የተጠበሰውን እንቁላል ከራሷ ሩዝ ላይ አነሳችና ልጇ ሩዝ ላይ አኖረችው። ይቅርታ መሆኑ ነው። እዚያ ቤት ይቅርታ የሚጠየቀው በእንቁላል ነው። ሄራን በላችው፣ ምን ታድርገው። ኢንቴ ዓሣው ላይ አቀርቅሮ አጥንት የሌለበትን ቦታ አጥንት እንዳለው እየመረጠ ይቆነጥራል። የጋዝ ሂሳብ ስለተወደደ የሄራን ክፍል የወለል ማሞቂያ ከኅዳር ጀምሮ ተዘግቷል፤ ፍሪጅ ባለበት ክፍል ሙቀት ማባከን ምንድነው ተብሎ። መጪው ዓመት ዞሮ የፈረስ ነውና ባንኩ በነጻ ያደለው ካላንደር ቀይ ፈረስ አለበት፤ እናቷ እሱንም ወስዳ ከፍሪጁ ጀርባ ሸጉጣዋለች። ማታ ማታ ሄራን በጎኗ ስትተኛ የፈረሱ ጆሮ ይታያታል።

«የተወለድሽበትን ቀን ከጠየቀሽ የካቲት ነው በይ» አለች እናቷ ሳህኑን እየሰበሰበች። «ሰዓቱን ከጠየቀሽ ጎሕ ሲቀድ። ሌላ ነገር አትዘባርቂ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ሰዓቱንም ቀየርሽው?»

«ሰዓቱ የራስሽ ነው» አለች እናቷ ተቆጥታ። «ጎሕ ሲቀድ ነው የወለድኩሽ። እኔ ሰው አልዋሽም።»

በሩ ሥር ጫማዋን ስታጠልቅ ኢንቴ ከኋላዋ መጣ፤ ወደ ኩሽናው ዞር ብሎ አየና ኮቷ ኪስ ውስጥ የሱፍ ጓንት ሸጎጠላት። «እንኳን ተወለድሽ እታለም» አላት በጆሮዋ፣ የተሰረቀ ዕቃ እንደሚያቀብል ሰው። ጎልማሳ ነው፣ ቢሮ አለው፣ ሚስት ሊያገባ ነው። ሄራን ልትስቅም ልትሰድበውም አሰበችና ሁለቱንም ትታ ደረጃውን ወረደች። እንኳን ተወለድሽን በር ሥር ተደብቀው የሚሉሽ ከሆነ፣ ምንም እንዳላሉሽ ቁጠሪው አለች ለራሷ። ጓንቱ ግን ሞቃት ነበር።

የሆቴሉ ሻይ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት የሚሞላው በእንደነሱ ያለ ሰው ነው። በየጠረጴዛው አንድ ወንድ አንዲት ሴት፤ ሴቶቹ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ወንዶቹ የዋጋ ዝርዝሩን ፈተና እንደቀረበለት ተማሪ እያነበቡ። አንድ የዝንጅብል ሻይ ሃያ ሁለት ሺህ ዎን። በዚህ ዋጋ ሄራን የምትሠራበት መነጽር ቤት አጠገብ ሁለት ሰው ምሳ በልቶ ይጠግባል። ሰውየው ቀድሟት ደርሷል፤ ሲያያት ብድግ ብሎ ጠረጴዛውን በጉልበቱ መታው። ባንግ ሱንግሞ ይባላል፣ ሥራው የሕንጻ ሊፍት መፈተሽ ነው፣ አግብቶ አያውቅም። ልብሱ ጥሩ ነው፣ ግን ከዛሬው ሱንግሞ ትንሽ ቀጠን ላለ ሱንግሞ የተሰፋ ነው።

«እኔ አሳማ ነኝ» አለ እንደተቀመጡ።

ሻዩን የሚያመጣላቸው ልጅ ቀና ብሎ አየው። ሱንግሞ አንገቱ ድረስ ቀላ። «ዓመቴን ማለቴ ነው። የቦሚ እናት ነግረውዎት ይሆናል። እርስዎ በግ እንደሆኑ ነግረውኛል። አሳማና በግ ይስማማሉ አሉ። እኔ እንኳ በሕይወቴ ሁለቱን አንድ ላይ አይቼ አላውቅም።» ሄራን ሳቋን በሻዩ ዋጠችው። ከዚያ ለብዙ ጊዜ የሚያወሩት ጠፋ። ስለ ብርዱ አወሩ፣ ብርዱ አለቀ። ስለ አውቶቡስ መስመር አወሩ፣ አውቶቡሱም አለቀ። እሱ ሻዩን ባነሳ ቁጥር መነጽሩ በአንድ በኩል ወደ አፍንጫው ጫፍ ይወርድና በጣቱ ይገፋዋል፤ ያነሳል፣ ይወርዳል፣ ይገፋዋል። ሄራን ልትታገስ ሞከረች። አንድ ሰው ሙያው የሆነን ነገር ሲበላሽ እያየ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ ሳታስበው እጇን ዘርግታ መነጽሩን ከፊቱ አነሳችው። ሱንግሞ ያለ መነጽር ዓይኑን እያርገበገበ ቀረ። የመነጽሩን ክንድ የሻዩ ብርጭቆ ላይ ይዛ አሞቀችና በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ አጎበጠችው፤ መለሰችለት፣ ከጆሮው ኋላም አስተካከለችው። ጣቷ ጆሮውን ሲነካው ሁለቱም ደነገጡ። ከጎናቸው ያለችው ሴትዮ ቅንድቧን አነሳች፤ እንዲህ ያለ ድፍረት በመጀመሪያ ቀን አይታ አታውቅ ይሆናል።

«የግራ ጆሮዎ ከቀኙ ዝቅ ይላል» አለች ሄራን።

«እናቴ እንኳ አልነገሩኝም» አለ ሱንግሞ። ሻዩን አነሳ። መነጽሩ አልወረደም። እንደ ሕፃን ልጅ ደስ አለው፤ እሷም ደስታውን አይታ ደስ አላት። ይህን አልጠበቀችም። ስትመጣ ሰውየውን ልትጠላው ተዘጋጅታ ነበር፣ እንደ ቦሚ እናት ያለ ምላስ ያለው፣ ደመወዟን የሚጠይቃት። ይሄ ግን ሊወርዱ ሊፍት ውስጥ ሲገቡ በሩ ገና ሳይዘጋ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠና «አይዞዎት፣ ገመዱ ደህና ነው» የሚል ሰው ሆኖ ተገኘ። ማንም ስለ ገመዱ አልጠየቀውም።

ሻዩን እሱ ከከፈለ ቀጥሎ የሚበላውን እሷ መክፈሏ ደንብ ነውና ከሆቴሉ ኋላ ባለው ቅያስ አንዲት ጠባብ ኑድል ቤት ወሰደችው። ሳህኑ ዘጠኝ ሺህ ዎን፣ ኪምቺው እንዳሻህ። መስኮቱ በእንፋሎት ታፍኗል፤ አሮጊቷ ባለቤት ሊጡን እየዳመጠች በየመሀሉ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለውን ሰው ትሰድባለች። እዚያ ንግግሩ ፈታ አለ። ሱንግሞ ሊፍት ውስጥ ተቆልፈው ስላገኛቸው ሰዎች ነገራት፤ ቂም የያዙ ባልና ሚስት ግድ ሆኖባቸው ሲታረቁ፣ ደግሞ ሲወጡ መልሰው ሲጣሉ። ሄራን የማያሳያትን መነጽር ስላማረባት ብቻ ስለምትገዛ ደንበኛ ነገረችው። ሳቁ። ልክ በሳቁ መሀል «የካቲት ላይ እኮ ሥራ ይቀንስልኛል፣ ለልደትዎ ባሕር ዳርቻ ልንሄድ እንችላለን» አለና ራሱ አፈረ፤ ገና በመጀመሪያ ቀን የልደት ዕቅድ ያወጣል። ሄራን ግን ሳቋን አቋርጣ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሰውየውን ወደደችው። የወደደችው ሰው ባሕር ዳርቻ ሊወስድ ያሰበው ሌላ ሴት ነው፤ የካቲት የተወለደችውን፣ ገሯን፣ በጓን። ዝም ብላ ብትሄድ ዕድሜ ልኳን ያቺን ሴት ሆና ልትኖር ነው።

«አቶ ሱንግሞ፣ ልደቴ ዛሬ ነው።»

«የካቲት አይደለም እንዴ? ቀኑን በቃሌ ነው የያዝኩት።»

«እሱን እናቴ ናት ያወጣችልኝ። የተወለድኩት ዛሬ ነው። ፈረስ ነኝ። ያውም ነጯ።»

ሱንግሞ ኑድሉን ከአፉ ደጃፍ መለሰው። አሮጊቷ እንኳ መዳመጧን ያቆመች መሰለ። ከዚያ ሰውየው በረዥሙ ተነፈሰና ሳቀ። «ኧረ አስደነገጡኝ። አግብቼ ፈትቻለሁ ሊሉኝ መስሎኝ። ፈረስ ሆኑ፣ በግ ሆኑ፣ ለኔ ምን ለውጥ አለው? እኔ በብረት ገመድ እንጂ በከብት አላምንም።» ወደ አሮጊቷ ዞሮ «እናቴ፣ አንድ ሳህን ማንዱ ይጨምሩልን፣ ልደት አለብን» አለና እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ «እንኳን ተወለዱ» አላት፣ በሙሉ ድምፁ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ። አሮጊቷም ከሊጡ ቀና ብላ መረቀቻት። ሄራን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለአንድ ሳህን ሥጋ የተሞላ ሊጥና ለአንድ ጮክ ያለ ቃል ሰው እንዴት ያለቅሳል ብላ ራሷን ታዘበች። ግን ደስ ብሏት ነበር፣ እንዲህ ደስ ካላት ቆይቷል። ማንዱው መጣ፣ አፋቸውን አቃጠላቸው፣ ተሳሳቁ።

ስልኩ ጮኸ። ሱንግሞ ቁጥሩን አይቶ ወገቡን አቀና። «አዎ እማዬ። አዎ፣ አብረን ነን። እየበላን ነው።» ሄራን ሾርባዋን እያየች ታዳምጣለች። «እንዳሉሽ ናት። ገር ናት፣ ድምጿም ዝቅ ያለ ነው። በግ ስትባል በግ።» እዚህ ላይ ሄራንን በዓይኑ ጠቀሳት፤ ሚስጥር የተካፈሉ ልጆች እንደሚጠቃቀሱት። «አዎ፣ ጠየቅኳት፤ እሷም የካቲት ነው ያለችኝ። እሺ። እሺ፣ ልብስ ደራርቤያለሁ።» ስልኩን ዘጋውና እጇ አጠገብ አስቀመጠው፤ ጥሩ ሥራ እንደሠራ ሰው አንድ ማንዱ አንስቶ ሳህኗ ላይ አኖረላት። እዚህም ቤት ይቅርታ በምግብ ነው ማለት ነው። ይሄኛው ግን ይቅርታ መጠየቁን እንኳ አላወቀም።

«ለምን የካቲት ነው ያለችኝ አሏቸው?» አለች።

«እንዳይጨነቁ ብዬ ነዋ።» ሱንግሞ ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ጠረጴዛውን በናፕኪን መጥረግ ጀመረ፣ ንጹሕ ነበር። ከዚህ በፊት አንዲት ልጅ እንደነበረች ነገራት። ሁለት ዓመት አብረው ቆይተው ኮከባቸው አልገጠመም ተባለ፤ እናቱ ምግብ አልቀምስም ብለው ተኙ፣ እሱም ተወ። «ያኔ ጎበዝ አልነበርኩም። አሁንም መሆኔን እንጃ። ስለዚህ ለምን እንጀምረዋለን? ሁላችንም ሰላም እንሁን። በየየካቲቱ እናቴ ራሳቸው ሾርባውን ይሠሩልዎታል፤ የባሕር ሣር ሾርባ እንደሳቸው የሚሠራ የለም።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬን እኔና እርስዎ እናውቃለን» አለ። «በየዓመቱ እዚህ መጥተን ማንዱ እንበላለን። ማንም ሳያውቅ።» ከልቡ ነበር። ክፋቱ ይሄ ነው፤ ከልቡ ነበር። ቢዋሻት፣ ቢያፌዝባት፣ ከፈረስ ጋር አልቀመጥም ብሎ ተነስቶ ቢሄድ ትሰድበው ነበር፣ ይወጣላት ነበር። ይሄ መልካም ሰው ነው፤ የሚወዳት ሁሉ መልካም ሰው ነው፤ እናቷ መልካም፣ ጓንት የገዛላት ወንድሟ መልካም፣ ይሄም መልካም። መልካሞቹ ሁሉ ተሰብስበው አንድ ነገር ብቻ ይለምኗታል፤ እባክሽ አልተወለድኩም በይ። ሄራን ሒሳቡን ከፈለችና «ላስብበት» አለች። ከዚህ የተሻለ ቃል ቢመጣላት ትለው ነበር።

አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኛት። ሲደርሱ ይጻፉልኝ አላት፣ እሺ አለች፤ ተሳፍራ መስኮት ዳር ተቀመጠች፣ እሱ ከታች እጁን አውለበለበ፣ እሷም አውለበለበች። አውቶቡሱ ግን አልሄደም። የትራፊክ መብራቱ ቀይ ነው። ሁለቱም ተሰነባብተው ጨርሰው ፊት ለፊት ቀሩ። እሱ ደግሞ አውለበለበ፣ እሷም ደገመች፣ ፈገግ አሉ፣ ፈገግታቸው ደከመ፣ መብራቱ አልተለወጠም። በመጨረሻ ሱንግሞ ጫማውን ማየት ጀመረ፣ እሷም ኢንቴ የሰጣትን ጓንት አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች። ሱንግሞ መሄድ የነበረበት ሰው ነው፤ አልሄደም፣ ብርድ ላይ ቆመ። ይሄ ሰው እንዲህ ባይሆን ኖሮ ምን ነበረበት እያለች ሄራን ተናደደች፤ በእሱ ይሁን በመብራቱ አላወቀችም።

ከሰፈሯ አንድ ፌርማታ ቀድማ ወረደች። ገበያው ጫፍ ላይ ደረቅ ዓሣና የባሕር ሣር የሚሸጥበት ሱቅ አለ፤ ባለቤቱ ወፍራም ሴትዮ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልላ የሬዲዮ ዘፈን እየተከተለች ነበር። ሄራን የልደት የሚሆን የባሕር ሣር ጠየቀች፤ ሴትየዋ በላስቲክ የታሸገ ትንንሽ ቁርጥራጭ አቀበለቻት። «እሱን አይደለም» አለች ሄራን። «ያንን ረዥሙን።» ረዥሙ ከጣራው የተንጠለጠለው ነው፤ እንደ ቁመቱ ይሸጣል እንጂ አይታጠፍም፣ አይሰበርም፣ ዋጋውም አይከራከሩበትም፤ የወለደች ሴት የምትበላው ነውና።

«እሰይ፣ ማን ወለደ?» አለች ሴትየዋ እያወረደችው።

«እናቴ።»

ሴትየዋ ሄራንን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ የእናትየዋን ዕድሜ ገምታ አንድ ነገር ልትል ፈለገችና ተወችው። ሬዲዮኑን ቀነሰች። «በሬ ሥጋ ጨምሪበት» አለች፣ «ያውም በዚህ ብርድ።» ሄራን ያንን የእጅ ያህል ረዥም ነገር በብብቷ ይዛ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ሰፈሯን አቋርጣ ገባች።

እናቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ መንደሪን እየላጠች ቴሌቪዥን ታያለች። በዚያ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ያለች ልጅ ከአማቷ ጋር ተጣልታ ዝናብ ውስጥ ትሮጣለች፣ በታኅሣሥ። «እህ፣ እንዴት ነው?» አለች እናቷ። ደህና ሰው ነው አለች ሄራን። ወደደሽ? የወደደኝ ይመስለኛል። እናቷ ፊቷ በራ፣ መንደሪኑን ለሁለት ከፍላ ትልቁን ዘረጋችላት። አንቺስ ብላ ግን አልጠየቀችም። ሄራን መንደሪኑን ተቀብላ ጎረሰችና ኩሽና ገባች። የባሕር ሣሩን ነከረችው፤ እንደ ቦካ ሊጥ አበጠ፣ ጎድጓዳ ሳህኑን ሞልቶ ጠርዙ ላይ ተንጠለጠለ። ሥጋውን በሰሊጥ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት ጠበሰች፣ ሣሩን ጨመረች፣ ውኃ አፈሰሰች። የጭስ መሳቢያው ከተበላሸ ቆይቷልና መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ብርዱ ገባ፣ ሽታው ወጣ።

እናቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች ሄራን አላወቀችም። ድስቱን አየች፣ መስኮቱን አየች። «ሄራን» አለች ብቻ። ኢንቴ ከክፍሉ ራሱን ብቅ አደረገና መልሶ አስገባ። ሄራን አንድ ሳህን ሾርባ ቀዳች፣ ሩዝ አጠገቡ አደረገች፣ ማንኪያ አስቀመጠች፤ ለራሷ አልቀዳችም። ትንሿን ገበታ ተሸክማ ወስዳ እናቷ የነበረችበት ቦታ ፊት አኖረቻት።

«ዛሬ የወለድሽው አንቺ ነሽ። ብዪ።»

እናቷ ጉልበቷን ይዛ ተቀመጠች። ማንኪያውን አነሳች። አንድ ጊዜ ቀመሰች፣ ሁለተኛም። የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋችው፤ ልጅቷ ያለ ድምፅ ዝናቡ ውስጥ ትሮጣለች። «አያትሽ» አለች እናቷ ሳህኑን እያየች፣ «የጸነስኩት ሴት ናት ሲባል፣ ያውም በነጭ ፈረስ፣ ሐኪም ቤት ሂጂና አስወርጂ አለችኝ። የአውቶቡሱን ሰጠችኝ። ፌርማታው ድረስ ሄድኩ። ሐምሌ ነበር። አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ ሹፌሩ ትሳፈሪያለሽ አትሳፈሪም አለኝ።» አንድ ማንኪያ ጎረሰች። «አልተሳፈርኩም። በገንዘቡ የተቀቀለ በቆሎ ገዝቼ በላሁበትና ወደ ቤት ተመለስኩ። አያትሽ እስከ ወለድኩ ድረስ አላናገረችኝም።»

ይህን በዚህ ቤት ማንም ተናግሮት አያውቅም። ሄራን ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ያኔ ያላጠፋሽኝን» አለች፣ «አሁን ለምን?»

እናቷ መልሱን ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም። «ያኔ ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ» አለች።

የኢንቴ ክፍል በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ ተሰማ። ሄራን ኪሷ ውስጥ ስልኳ ተንቀጠቀጠ፤ አወጣችው። ሱንግሞ ነው። «ደረሱ? መነጽሩ እስካሁን አልወረደም» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። በዚህ መሀል ከላይ መስኮት ሲከፈት ተሰማ፣ ቀጥሎ የቦሚ እናት ድምፅ፣ ያው እንደ ሁልጊዜው ቤቱ ውስጥ እንዳለች ሁሉ ጥርት ብሎ። «የሄራን እናት፣ ሽታው ገደለኝ እኮ። ዛሬ የማን ልደት ነው?»

እናትየዋ ቀና አለች። ኧረ እንዲሁ ነው፣ ብርድ ስለሆነ ነው ማለት ይበቃል፤ ሰው ሁሉ ልደቱ ባይሆንም ይበላዋል። ሁለቱም ያውቁታል። እናቷ ግን አፏ ውስጥ ሾርባ ነበር፣ ወይም ሾርባውን ምክንያት አደረገችው፤ ልጇን አየቻት። ሄራን ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ተነሳች፣ ኩሽና ገባች፣ በመስኮቱ አንገቷን ወደ ውጭ አወጣች። ብርዱ ጆሮዋን ቆነጠጣት።

«የኔ ነው፣ የቦሚ እናት» አለች። «ዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞላኝ። በነጭ ፈረስ ነው የተወለድኩት። ይውረዱና ይቅመሱ።»

የላይኛው መስኮት ተዘጋ፤ ቀጥሎ በጣራው ላይ የቦሚ እናት እርምጃ ከኩሽና ወደ ሳሎን፣ ወደ ስልኳ ሲቸኩል ተሰማ። ሄራን መስኮቱን ሳትዘጋ ዞረች። ወለሉ ላይ የተቀመጠው ስልክ መብራቱ ገና አልጠፋም። እናቷ ሳህኑን ወደ ራሷ አስጠግታ መብላቷን ቀጥላለች፣ ቀና ሳትል።

«ጨው አነሰው» አለች። «ለራስሽም ቅጂ፤ ይቀዘቅዛል።»